የአንዲት ፊደል ጉዳይ፦ መቅኒ፣ ደምና ወባ



ስለ ደም ዲስኩር አለ ሲባል፣ ደም ለግሱ ብዬ ልመክር የመጣሁ የመሰላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ለግሱ፤ መልካም ነገር ነው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ደሙ ደም ከመሆኑ በፊት ያለው ነገር ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት አዋቂዎች እያንዳንዳችሁ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ የደም ሴሎችን ትሠራላችሁ። "እንደምን ዋላችሁ" ብዬ እስክጨርስ በአንዳችሁ አጥንት ውስጥ ብቻ የዚህችን ከተማ፣ የቦንጋን ነዋሪ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሴል ተወለደ ማለት ነው። እንዲህ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ቀይ ሴል ዕድሜው አጭር ነው። 120 ቀን ያህል ሲዞር ይከርምና ያረጃል፤ ጣፊያና ጉበት ይሰበስቡታል። ምትኩ የሚመጣው ከመቅኒ ነው።

መቅኒ ሲባል ብዙ ሰው ወገቡን ይይዛል። ከጀርባ ውሃ ሲቀዳ ያየ ወይም የሰማ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። የማጅራት ገትር ሲጠረጠር ከወገብ የሚቀዳው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ ነው፤ ከመቅኒ ጋር አይገናኝም። መቅኒ ለምርመራ ሲፈለግ መርፌው የሚገባው ዳሌ አጥንት ላይ፣ ከኋላ በኩል ነው። ያማል፣ አልዋሻችሁም፤ ነገር ግን እግር አያሽመደምድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ይህ ፍርሃት ብዙ ሕመምተኛ ከምርመራ እንደሚያስቀር ስለማውቅ ነው።

ሕፃን ሲወለድ አጥንቱ ሁሉ ደም ይሠራል። እያደገ ሲሄድ የረጃጅሞቹ አጥንቶች መቅኒ ወደ ስብ ይለወጥና ሥራው በዳሌ፣ በደረት አጥንት፣ በጎድን፣ በአከርካሪና በራስ ቅል ይቀራል። በበዓል ቅልጥም ሰብረን የምንመጠው እንግዲህ ሥራ ያቆመውን ክፍል ነው። ደም በመቅኒ እንደሚሠራ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1868 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ኧርንስት ኖይማንና ጣሊያናዊው ጁልዮ ቢዞዜሮ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ሳይንቲስቶችን ያከራከረው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ቀዩም ነጩም ሴል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም የሚወለዱት ከአንድ እናት ነው ወይስ ለየራሳቸው እናት አላቸው?

መልሱ የመጣው ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ ነው። ጄምስ ቲል የፊዚክስ ሰው ነበር፤ ኧርነስት ማኩሎክ ደግሞ ሐኪም። የሚሠሩት በካንሰር ምርምር ተቋም ነው፤ የሚያጠኑትም ጨረር በሴል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። አይጦችን መቅኒያቸውን በሚያጠፋ ጨረር ይመቱና ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ መቅኒ በደም ሥር ይሰጧቸዋል። አንድ እሑድ ማኩሎክ ወደ ላቦራቶሪው ገብቶ መቅኒ ከተሰጣቸው አሥር ቀን የሆናቸውን አይጦች ሲከፍት ጣፊያቸው ላይ እባጮች አገኘ። ቆጠራቸው። ብዙ መቅኒ የተሰጠው አይጥ ብዙ እባጭ፣ ጥቂት የተሰጠው ጥቂት እባጭ ነበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ጣፊያቸው ታመመ ብሎ ያልፈው ይሆናል። እሱ ግን ቁጥሩን በወረቀት ላይ ነደፈው። ከ10,000 የመቅኒ ሴል አንዱ ያህል እባጭ ያበቅላል፤ በእባጩ ውስጥም ቀይ ሴል፣ ነጭ ሴል፣ ፕላትሌት የሚያመርቱ ሴሎች ሁሉ አሉ። ጥናቱ በ1961 ታተመ። በ1963 ከአንድሩ ቤከር ጋር ሆነው ሴሎቹን በተሰበረ ክሮሞዞም ምልክት አድርገው፣ አንድ እባጭ ከአንዲት ሴል ብቻ እንደሚበቅል አረጋገጡ።

ይህቺን እናት ሴል ነው ስቴም ሴል የምንላት፤ ግንድ ሴል ብንላትም ያስኬዳል። ሁለት ነገር ታውቃለች፦ ራሷን መተካትና ሌላ መሆን። በሰውነታችን ቆዳም አንጀትም የራሱ ስቴም ሴል አለው፤ የመቅኒዋ ግን በመጀመሪያ የተያዘችው ናት። ኋላ እንደታወቀው ደግሞ ቲልና ማኩሎክ የቆጠሯቸው አብዛኞቹ የዋናዋ ስቴም ሴል ልጆች እንጂ ዋናዋ አልነበሩም። ዋናዋ ከዚያም የበለጠች ብርቅ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም ተኝታ ነው የምትኖረው። ይህ ግን ሥራቸውን አላሳነሰውም። አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ ከ1957 ጀምሮ የሞከረውና በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የመቅኒ ንቅለ ተከላ የቆመው በዚህችው ሴል ላይ ነው።

አሁን ወደ ልቡ ልግባ። ስቴም ሴሏ ተከፈለች እንበል። ልጇ ቀይ ትሁን ነጭ ማን ይወስናል?

ከዚህ ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ጌሻና ወደ ቢጣ አቅጣጫ የወጣ ሰው ያንን ከፍተኛ ሸንተረር ያውቀዋል። እዚያ ላይ የምትወርድ አንዲት የዝናብ ጠብታ በምሥራቁ ጎን ከወረደች ጎጀብን ይዛ ኦሞ ትገባለች፤ መጨረሻዋ ቱርካና ሐይቅ ነው። በምዕራቡ ጎን ከወረደች በባሮና አኮቦ በኩል ዓባይን ተቀላቅላ ሜዲትራኒያን ትደርሳለች። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን በ1957 የሴልን ዕድል የሳለው እንዲህ አድርጎ ነው፤ ተራራና ሸለቆ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር፣ በየመንታ መንገዱ አንዱን ሸለቆ የሚይዝ። ካፋን አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ሥዕሉን ባልደከመበት።

በመቅኒ ውስጥ ያንን ሸንተረር የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ሁሉም ሴል ማለት ይቻላል ያው አንድ ዲኤንኤ አለው። የዓይን ሴልም የመቅኒ ሴልም የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተከፈተ የሚለው ነው። ገጽ የሚከፍቱ ፕሮቲኖች አሉ። ለቀይ ሴል ዋናው ጋታ 1 ይባላል። ስሙ የመጣው ዲኤንኤ ላይ ፈልጎ ከሚይዛቸው አራት ፊደላት ነው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ። ለነጮቹ ወገን ደግሞ ፒዩ 1 የሚባል አለ። ሁለቱ ይጋፋሉ፤ አንዱ ሲበረታ ሌላውን ያዳክማል። በ1995 ቶማስ ግራፍና ባልደረቦቹ ወደ ነጭ ሴል መንገድ ጀምረው የነበሩ የዶሮ ሴሎች ውስጥ ጋታ 1ን በግድ ቢያስገቡ፣ ሴሎቹ መንገዳቸውን ትተው ወደ ቀይና ወደ ፕላትሌት ወገን ተመለሱ። ታላቅ ዜና ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል፣ ውሳኔው የሚያልቀው በሁለቱ ትግል ነው፤ በአጋጣሚ የበዛው ያሸንፋል እየተባለ ትምህርት ሲሰጥ ኖረ። በ2016 ስዊዘርላንድ ውስጥ አንዲትን ሴል ቀንና ሌሊት በማይክሮስኮፕ እየተከተሉ የቀረጹ ተመራማሪዎች ግን፣ ትግሉ የሚታየው ውሳኔው ከተደረገ በኋላ መሆኑን አሳዩ። ሁለቱ ፕሮቲኖች ውሳኔውን ያጸናሉ እንጂ አይጀምሩትም። ማን ይጀምረዋል? ይህ ዛሬም የዓለም ላቦራቶሪዎች የሚተጉበት ነው፤ ተማሪዎች፣ ገና ክፍት ነው።

ከውጭ የሚመጣም ትእዛዝ አለ። ኩላሊት ኦክስጂን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ መቅኒ ቀይ ሴል ያበዛል። የዚህ ሆርሞን ታሪክ ስለ ምርምር ጠባይ ብዙ ስለሚናገር ጥቂት ልቆይበት። ዩጂን ጎልድዋሰር ቺካጎ ውስጥ ሊያጣራው የጀመረው በ1955 ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አልያዝ አለው። ጃፓን፣ ኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ታካጂ ሚያኬ የሚባል ሐኪም መቅኒያቸው የደረቀባቸውን ሕመምተኞች ያክም ነበር። እነዚህ ሰዎች መቅኒያቸው ስለማይመልስ ኩላሊታቸው ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ሽንታቸው በሆርሞኑ የተሞላ ነው። ሚያኬ 2,550 ሊትር ሽንት ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በ1975 ለጎልድዋሰር አደረሰለት። በ1977 ንጹሑ ሆርሞን ተገኘ። ከዚያ ሁሉ ሊትር የወጣው 8 ሚሊግራም ያህል ነው። ዛሬ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ወገኖቻችን ለደም ማነስ የሚወጉት መድኃኒት የዚያ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! የምርምር ገንዘብ ጠያቂ ሪፖርት በየስድስት ወሩ አቅርብ በሚባልበት በዛሬው ዘመን ጎልድዋሰር ሦስተኛው ሪፖርት ላይ ይባረር ነበር እላለሁ።

ከዚህ ሆርሞን ጋር የተያያዘ የራሳችን ጉዳይም አለ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሰሜን ተራራ ላይ፣ አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ሄሞግሎቢን ለካች። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ሰው በዚያ ከፍታ ደሙ ወፍሮ ይገኛል። የአምባራሶቹ ወንዶች አማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ ሴቶቹ 15.0 ሆነ፤ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የማይለይ። መቅኒያቸው ከፍታውን እንዳልሰማ ሆኖ ይሠራል፤ ኦክስጂናቸውም አልጎደለም። አስተውሉ፦ የሰው መቅኒ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አይመራም። ለዚህ ነው አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ የምወርደው።

መንገዱ ግን ከሩቅ ይጀምራል፤ በ1950 እንግሊዝ ውስጥ ደሙ አልረጋ የሚለው አንድ ሕመምተኛ ብዙ ደም ከተሰጠው በኋላ እስከዚያ ባልታወቀ የደም ዓይነት ምልክት ላይ የሚነሳ ፀረ አካል በደሙ ተገኘ። ምልክቱ በስሙ ዱፊ ተባለ። ዱፊ በቀይ ሴል ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው። ከኤ፣ ቢ፣ ኦ ለየት ያለ ሌላ የደም ምድብ ነው። የአውሮፓና የእስያ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አለው፤ የምዕራብ አፍሪካ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የለውም። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ የቫይቫክስ ወባ በያዙ ትንኞች የተነከሱ ፈቃደኞችን ደም መረመሩ። ያልታመሙት አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዱፊ የሌላቸው። የቫይቫክስ ተውሳክ ወደ ቀይ ሴል የሚገባው ዱፊን ይዞ ነው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ቫይቫክስ ብርቅ የሆነበት ምክንያት ተገኘ ተባለ።

ዱፊ ለምን ጠፋ? መልሱ በ1995 ከፓሪስ መጣ፤ እዚህ ላይ ነው መቅኒውና ወባው የሚገናኙት። ዱፊ የሌላቸው ሰዎች የዱፊ ጂን ጤነኛ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። የተለወጠችው ከጂኑ በፊት፣ 67 ፊደል ርቀት ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት፤ ቲ የነበረችው ሲ ሆነች። ያቺ ፊደል የምትገኘው ጋታ 1 በሚይዘው ቦታ ላይ ነው። ጋታ 1 ቀይ ሴል ሲሠራ እየዞረ ገጾቹን ይከፍታል፤ እዚያ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል፤ ገጹ ተዘግቶ ይቀራል። በደም ሥር ግድግዳ ያሉ ሴሎች ግን ጋታ 1ን ስለማይጠቀሙ ዱፊያቸው እንዳለ ነው። በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ዱፊ ከደም ጠፍቶ በደም ሥር አለ ማለት ነው። ስቴም ሴል እንዴት ሌላ ሴል ይሆናል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም። ለዚህ ምሳሌ ደግሞ አይጥ አያስፈልግም፤ አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ያቺን ሲ እንደምትይዙ ማን ያውቃል።

ኢትዮጵያ ከምዕራብ አፍሪካም ከአውሮፓም ትለያለችና። እዚህ ዱፊ ያለውና የሌለው በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ በአንድ ቤትም ይኖራሉ። እናትም አባትም አንድ አንድ ቅጂ ሲ ቢይዙ ሁለቱም ዱፊ አላቸው፤ ከሚወልዷቸው ግን እያንዳንዱ ልጅ ዱፊ አልባ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቫይቫክስም እዚህ ብርቅ አይደለም። ከጎጀብ ሸለቆ ወይም ከዴቻ ቆላ የመጣ ትኩሳተኛ የሚያክም ነርስ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ቫይቫክስ ተገኘበት፣ ክሎሮኪን ወሰደ፣ ጉበት ውስጥ የተደበቀው እንዳይመለስ ፕሪማኪን ተጨመረለት። የሚለር ግኝት ሙሉ ከሆነ ዱፊ አልባው ኢትዮጵያዊ ከዚህ ወባ ነጻ መሆን ነበረበት። አልሆነም። በ2010 ማዳጋስካር ውስጥ ዱፊ አልባ ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። በ2015 ዩጂኒያ ሎና የጅማ ዩኒቨርሲቲው ደለነሳው የኋላው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥም እንዲሁ መሆኑን አሳየ። ጅማ ከዚህ የመቶ ኪሎ ሜትር ጎረቤት ናት።

ታዲያ ተውሳኩ በየት ገባ? ቫይቫክስ ከሌላው የወባ ተውሳክ ከፋልሲፓረም የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ያረጀ ቀይ ሴል አይወድም። የሚገባው ከመቅኒ ገና ለወጣው ጨቅላ ሴል፣ ሬቲኩሎሳይት ለሚባለው ነው። እነዚህ በደማችን ውስጥ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ዓይናቸውን ከደም ወደ መቅኒ መለሱ። ስቴም ሴልን ከሌላው የሚለይ ሲዲ 34 የሚባል ምልክት ከ1984 ጀምሮ ይታወቃል። በዚያ ምልክት ሴሎቹን ለቅመው፣ ኤሪትሮፖይቲን ሰጥተው፣ ብልቃጥ ውስጥ ወደ ቀይ ሴል ሲለወጡ በየደረጃው ይመረምሯቸዋል። ዱፊ አልባ ከሆኑ ሰዎች የተወሰዱ ሴሎች እንዲህ ሲታዩ፣ በ2023 የታተመው ውጤት አስገራሚ ሆነ፤ ዱፊ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሴሏ ገና ኒውክለሷን ሳታወጣ፣ መቅኒ ውስጥ ሳለች፣ በአንዳንዶቹ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቅ ይልና ይጠፋል። ያቺ ፊደሏ የተለወጠባት የዱፊ ማብሪያ ጨርሳ አልሞተችም። ተውሳኩ መግቢያ የሚያገኘው ደም ውስጥ ሳይሆን እዚያው መቅኒ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለጤና ኬላ ሠራተኛ ምን ማለት ነው? ጣት ወግተን የምናየው የደም ጠብታ የሚነግረን በደም ሥር የሚዞረውን ብቻ ነው። ዱፊ አልባ ሰዎች ላይ የሚገኘው የቫይቫክስ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ፈጣን መመርመሪያው ሊያልፈው ይችላል። ኢንዶኔዥያ፣ ፓፑዋ ውስጥ በአብዛኛው በአደጋ ምክንያት ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ፣ ወባ አለብኝ ያላሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በ2021 እንደታተመው፣ በገላቸው ካለው ቫይቫክስ ከ98 በመቶ በላይ የተገኘው ጣፊያው ውስጥ ነበር። መቅኒን ማንም እንዲህ አውጥቶ ሊያይ አይችልም። ወባን እናጠፋለን እያልን ስንዘምት፣ ትንኙ ላይ ስንረጭ፣ ተውሳኩ የት እንደሚተኛ ካላወቅን አጎበሩ ብቻውን የሚያደርስበት ቦታ ውሱን ነው።

ያቺው ፊደል ሌላም ሥራ አላት፤ ይህኛው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሰዎችን ይመለከታል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ የታዘዘለት ሰው ወረቀቱ ላይ ኒውትሮፊል የሚባል ነጭ ሴል ቁጥር አለ። መማሪያ መጽሐፍ በማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ከሆነ ጎደለ ይላል። በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይህ ቁጥር ዝቅ የሚልበትን ምክንያት ወደዚያችው የዱፊ ፊደል አደረሰው። በ2017 ዮሐን ዱሸንና ባልደረቦቹ ደግሞ በአይጥ እንዴት እንደሚሆን አሳዩ። ዱፊ በመቅኒ ውስጥ በወጣት ቀይ ሴሎች ላይ ሲጎድል፣ ጎናቸው ያሉት ስቴም ሴሎች የሚያወጡት ኒውትሮፊል ጠባዩ ይለወጣል፤ ደሙን ቶሎ እየለቀቀ ወደ ሥጋ ይገባል። የቀይ ሴል ጎረቤትነት የነጩን ዕጣ ይወስናል ማለት ነው። ሰውየው አልታመመም፤ ወታደሩ ከካምፕ አልጎደለም፤ ሲቆጠር አስፋልት ላይ አለመገኘቱ ብቻ ነው።

አሁን ይህን ወደ ሕሙማን ክፍል ውሰዱት። ካንሰር ያለበት ሰው መድኃኒቱ ይዘገይበታል፣ "ነጭ ደምህ አነሰ" ይባላል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ክሎዛፒን የሚባለውን መድኃኒት ይከለከላል። አሜሪካኖች ለክሎዛፒን የተለየ ድንበር ያበጁት በ2015 ነው። እኛስ? ማሽኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ይዞት የመጣውን ድንበር አትመን እንሰጣለን። ያ ድንበር የተሠራው ደማቸው እዚህ ባልተለካ ሰዎች ነው። ይህ ያበሳጨኛል፤ መበሳጨቴንም አልሸሽግም። ለመቅኒ ንቅለ ተከላ ማዕከል ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለራስ ሕዝብ የራስ ድንበር መለካት ግን ቱቦ፣ ሬጀንትና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ሴል እንዴት ሌላ እንደሚሆን ማወቅ ለመድኃኒትም በር ይከፍታል። አንድ የደም ካንሰር ዓይነት አለ፤ ነጭ ሴሎች ግማሽ መንገድ ሄደው ማደግ አቁመው የሚከማቹበት። ሻንጋይ ውስጥ ዋንግ ዠንዪና ባልደረቦቹ ከቫይታሚን ኤ የተገኘ መድኃኒት በአፍ እየሰጡ ሴሎቹን መንገዳቸውን እንዲጨርሱ አደረጓቸው፤ ውጤቱን በ1988 አሳተሙ። ሴሎቹን አልገደሏቸውም፤ አሳደጓቸው። አሳድገው አዳኑ። ገዳይ የነበረው ያ ካንሰር ዛሬ በአብዛኛው የሚድን ሆኗል።

እዚህ ቦንጋ ምን ይሠራ ብትሉኝ የማስበውን ልናገር። ስቴም ሴል ለማግኘት የግድ ዳሌ መውጋት የለብንም። እናት ከተገላገለች በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም በስቴም ሴል የበለጸገ ነው። ፈረንሳዊቷ ኤሊያን ግሉክማን በ1988 በዚህ ደም የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ አድርጋለች። በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይወለዳል፤ በየጤና ጣቢያውም ይወለዳል፤ ያ ደም ይጣላል። እትብቱን ቤተሰቡ ሊቀብር ይፈልጋል፤ ይቅበር፤ እኛ የምንፈልገው ውስጡ ያለውን ጥቂት ደም ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ሴሎቹን በሜቲልሴሉሎስ ዝልግልግ ላይ ቢያሳድጋቸው ሁለት ሳምንት ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ በዓይን ይታያል፤ ሴሎቹ ራሳቸው ሄሞግሎቢን ሠርተው የሚቀሉት ነው። ዱፊ ካለውና ከሌለው ጨቅላ የተገኙትን ጎን ለጎን ማሳደግ፣ ያቺ ማብሪያ በየትኛው ቀን ብልጭ እንደምትል መከታተል በዚህ ምድር ላይ በጥቂት ቦታ ብቻ ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው፤ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ማዋለጃ ክፍል የሚወለድበት አገር ብዙ አይደለምና።

ችግሩን አላጣሁትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴል አይጠብቅም። ፈሳሽ ናይትሮጅን በየቦታው አይሸጥም፤ ኤሪትሮፖይቲኑም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ስለዚህ ሴል በማሳደጉ አልጀምርም፤ በቆጠራው እጀምራለሁ። ጤነኛ ፈቃደኞች፣ ከቆላም ከደጋም፤ ሲቢሲ፤ ኒው ሜቲሊን ብሉ በሚባል ቀለም የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ፤ አንድ ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ለዱፊ ፊደል ምርመራ። ጅማ ያንን ማንበብ ይችላል፤ አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ናሙናው ውጭ አገር መሄድ ካለበትም ከእኛ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። ቱቦው ሄዶ ምስጋና በትናንሽ ፊደል የሚመለስበትን አሠራር ጠግበናል። 

አንድ ከባድ ነገር ግን ሳልናገር ከመድረክ አልወርድም። ደም፣ ዘር፣ ናሙና የሚሉት ቃላት በዚህ ዞን ቀላል አይደሉም። ማንጆ ተብለው ለረጅም ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ የተገለሉ ወገኖቻችን አሉ። ተመራማሪ መጥቶ "የእናንተን ደም እናጥና" ሲል፣ እነሱ የሚሰሙት ሌላ ነው፤ መስማታቸውም ትክክል ነው። ዱፊ የደም ደረጃ አይደለም። ከአንድ ማህፀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በዚህች ፊደል ይለያያሉ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ጎሳዎች ይገናኛሉ። ስለዚህ ጥናቱ ሲጀመር በመዝገቡ ላይ የጎሳ ስም የሚጻፍበት ሳጥን መኖር የለበትም። ቆላ ነው ደጋ፣ ወንድ ነው ሴት፣ ዕድሜ፣ ወባ ይዞት ያውቃል፤ ይበቃል። የፈቃድ ቅጹ በካፊኖኖ ይነበብ፤ እምቢ ያለ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይሂድ። ኮሚቴው ውስጥም ከማንጆ ወገን የሚቀመጥ ይኑር፤ ለማስጌጫ ሳይሆን "ይህ ጥያቄ ይውጣ" የማለት ሥልጣን ይዞ።

ብዙ ተናገርኩ። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እጃችሁን ስታነሱ ስላየሁ፣ በተለይ የኒውትሮፊሉን ድንበር በተመለከተ የምትሉትን መስማት እፈልጋለሁ። ማይክሮፎኑን ለእናንተ ልስጥ።